የሺጉሬ የደም ዓይነት

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ለደም መጣጮች መታወቂያ አወጣለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም ወሬውን በዚያው እዘጋዋለሁ። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀልድ አይደለም። በመጻሕፍት ሰፈሩ በጂምቦቾ፣ ምድር ቤቱ አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጥበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ኩዜ ሚትሱኮ የምትጽፈውን «የነጭ ሸንበቆ ቤት» የተባለ የደም መጣጮች ተከታታይ ልብ ወለድ አጋዥ መጻሕፍት ሳሰናዳ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ኢሶጋይ ፉሚኤ እባላለሁ። ስሜ በአጋዦቹ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከአሳታሚው አድራሻ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል አለ።

አንባቢ ልብ ወለዱን አንብቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አጋዡን ግን ትራሱ ሥር ያኖረዋል። የቤቱ ካርታ አለበት፤ የዘር ሐረጉ አለበት፤ ማን ማንን በየትኛው ዘመን እንደነከሰ ተዘርዝሯል። ከሁሉ በላይ የእያንዳንዱ ሰው መግለጫ አለበት፦ የልደት ቀኑ፣ ቁመቱ፣ የሚወደው ምግብ፣ የሚፈራው ነገር፣ የደም ዓይነቱ። በእኛ አገር ሰው ከተዋወቀ ብዙ ሳይቆይ የደም ዓይነቱን ይጠየቃል። ኤ የሆነ ጠንቃቃ ነው፣ ቢ የሆነ እንደፈለገው ኗሪ ነው ይባላል። ሳይንስ አይደለም፤ ልማድ ነው። ደም መጣጭም ቢሆን የደም ዓይነቱ ካልተጻፈ አንባቢ ሰው ነው ብሎ አይቀበለውም።

የሥራችን የመጀመሪያ ሕግ መግለጫ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም የሚል ነው። የመጀመሪያውን አጋዥ ስናዘጋጅ የስድሳ ሦስት ሰው ዝርዝር ይዤ ዙሺ፣ ባሕሩ ዳር፣ ደራሲዋ ቤት ሄድኩ። እኛ ደራሲን መምህር ነው የምንለው። መምህር ኩዜ የሃያውን ሰው መግለጫ ሲጋራዋን እያጨሰች ነገረችኝና እጇን አራገበች።

«የቀሩትን አንቺው ሙዪያቸው። የበር ጠባቂ ቁመት ስንት ነው ብለሽ ልታስጨንቂኝ ነው?»

«መምህር፣ ሁሉም ከእርስዎ ቢመጣ…»

«ፈጣሪ እንኳ ሁሉን አልሞላም። ሂጂ ሙዪው።»

ከቀሩት አርባ ሦስቱ መካከል ሺጉሬ የምትባል ልጅ ነበረች። ያኔ በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ሦስት መስመር ብቻ ነበራት፦ በዘጠኝ ዓመቷ ተነክሳ ደም መጣጭ የሆነች፣ ከዚያ ወዲህ ያላደገች፣ ኮሪደር ላይ ቆማ የምታይ።

ልጄ ሱዙኖ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር። እሷም በዘጠኝ ዓመቷ ነው የሞተችው፤ በደም ካንሰር። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ የሰው ደም እየተሰጣት ኖረች። ነርሷ የደሙን ከረጢት ስትሰቅል ባሌ ያሱናሪ ቀና ብሎ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፦ «ኦ። ትክክል ነው።» ይህን ማለት የነርሷ ሥራ ነበር፤ እሱ ካላለው ግን ልጅቷ እጇን አትሰጥም። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የማናውቀው ደግ ሰው።»

«አመሰግናለሁ አልለውም?»

«ስሙን አይነግሩንም።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ደም መጣጭ ነኝ። ደም መጣጭ አመሰግናለሁ አይልም» ብላ ሳቀች። ድዷ ይደማ ስለነበር ጥርሷ ቀይ ሆኖ ነበር። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ከሞተች በኋላ ያሱናሪ ስሟን መጥራት አልቻለም፤ እኔ አለመጥራት አልቻልኩም። በዚህ ተለያየን። እሱ ወደ ሰሜን፣ ወደ አኪታ ሄደ፤ ደብዳቤም ስልክም ቀረ።

እናም የሺጉሬን መግለጫ ስሞላ እጄ ሳላስበው ጻፈ ብል ውሸት ነው። አስቤ፣ ወድጄ፣ በሩን ዘግቼ ነው የጻፍኩት። ልደት፦ ኖቬምበር 14። ቁመት፦ 127 ሴንቲ ሜትር። የምትወደው፦ የሩዝ ብስኩት፣ ያረረውን ጠርዙን ብቻ። የምትፈራው፦ የሊፍት ደወል። የደም ዓይነት፦ ኦ። እያንዳንዱ የልጄ ነው። ወደ ሕክምናው ክፍል የሚያወርዳት የሆስፒታሉ ሊፍት ነበር።

አጋዡ ወጣ፤ አንባቢ ከስድሳ ሦስቱ መካከል ይህችን ልጅ ብድግ አድርጎ ወደዳት። በአሮጌ ቤት የምትኖር ልጅ የሊፍት ደወል ለምን ትፈራለች እያለ ይከራከር ጀመር። መምህር ኩዜ ደወለችልኝ።

«ይህችን ልጅ ከየት አመጣሻት?»

«ባዶ ቦታ ነበር፤ ሞላሁት።»

«እህ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። በሚቀጥለው ቅጽ ግን ቤቱ ውስጥ ሊፍት ተገጠመ፤ ሺጉሬም ሦስት ምዕራፍ አገኘች። ሴትዮዋ አፏ ክፉ ነው፤ ለአጋዡ ግን ታማኝ ናት። ከአጋዡ ጋር የተጣላ ዓረፍተ ነገር ብጽፍ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው ትል ነበር። አንባቢዎች ‹ኤ የሆነ ደም መጣጭ ቢ የሆነ ሰው ቢጠጣ ምን ይሆናል?› ብለው በጠየቁ ጊዜም መልሱን በስድስተኛው ቅጽ ሕግ አድርጋ ጻፈችው፦ ደም መጣጭ የማይስማማውን ደም ከጠጣ ይሞታል። ኦ የሆነ ከኦ በቀር አይጠጣም፤ ኤቢ የሆነ ከሁሉም ይጠጣል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኖቬምበር 14 መግቢያችን ላይ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ለመጽሐፍ ሰው ልደት ስጦታ መላክ እዚህ የተለመደ ነው። ኬክ ይመጣል፣ ሹራብ ይመጣል፣ የሩዝ ብስኩት በካርቶን ይመጣል። የላኪው ስም የሌለበት አንድ ፓኮም በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ ውስጡ ያለው ብስኩት ሁልጊዜ የተሰባበረ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ኑማጂሪ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ዕቃ ማሸግ አልተማረም» እያለ ይስቅበታል። እኔ ከስጦታው አልበላም፤ አልነካምም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሰው ለልጄ ልደት የላከውን አያለሁ። በዓመት አንድ ቀን ደስተኛ ነበርኩ። ማፈር ካለብኝ በዚህ ልፈር።

ዘንድሮ በሜይ የመጨረሻው፣ የአሥራ አምስተኛው ቅጽ ረቂቅ መጣ። ረቂቁን ከአጋዦቹ ጋር ማመሳከር የእኔ ሥራ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቤቱን በረዶ ይዘጋዋል። ኦ ደም ያለው ብቸኛው ሰው ይሞታል። ሺጉሬ ትራባለች። ሞግዚቷ ኦሪኖ፣ ደሟ ኤ የሆነ፣ ልጅቷ ስትሰቃይ ማየት አቅቷት እጇን ትዘረጋላታለች። ሺጉሬ ታውቃለች፤ እያወቀች ትጠጣለች፤ ኦሪኖ ጭን ላይ ትሞታለች። በሕይወቴ ካነበብኩት ሁሉ ያ ምዕራፍ ያምር ነበር። አንድም የማርመው ስህተት አልነበረውም። የገደለቻት እኔ የጻፍኳት አንዲት ፊደል ናት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ኑማጂሪ ረቂቁን አንብቦ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ኢሶጋይ፣ ቀብር እናዘጋጅላታለን!»

«የምን ቀብር?»

«የሺጉሬ ነዋ! ሥዕሏን በጥቁር ክፈፍ፣ ስፋቱ እስከዚህ ድረስ፣ ነጭ አበባ፣ መነኩሴ ጸሎት ሲደግም፣ አንባቢ ሁሉ ጥቁር ለብሶ በሰልፍ። ቢያንስ ሁለት ሺህ ሰው ይመጣል። አንቺ ደግሞ አምስተኛው አጋዥ ላይ ‹የሞተችበት ቀን› የሚል መስመር ትጨምሪልኛለሽ።»

«ሁለት ሺህ?»

«ያንሳል እንዴ?»

በሱዙኖ ቀብር ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። እኔንና ያሱናሪን ጨምሮ። ኑማጂሪ ይህን አያውቅም፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ቢያውቅ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። እኔ ግን መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ፣ እጄን ነክሼ አለቀስኩ። ደግሞ ልቀብራት ነው? ደግሞ ቀኑን በእጄ ልጽፍ?

በማግስቱ በባቡር ዙሺ ወረድኩ። መምህር ኩዜ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ከወንበር አትነሳም፤ ሲጋራዋ ግን አልተሰበረም። ረቂቁን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«ስንት ስህተት አገኘሽ?»

«አንድ፣ መምህር። የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው።» ከቤቴ ጀምሬ ባቡሩ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን ተናገርኩ። «የሺጉሬ የደም ዓይነት ኦ አይደለም። ኤቢ ነው። በመጀመሪያው አጋዥ የፊደል ስህተት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጥን አለፈ።»

ሲጋራዋን አወረደች።

«ሃያ ዓመት?»

«አዎ።»

«አራት አጋዥ ላይ?»

«አዎ።»

«አንቺ? በሦስተኛው አጋዥ የአንድ ፈረስ ቁመት በሁለት ሴንቲ ሜትር ሳትኩ ብለሽ ራስሽን ልትሰቅይ የነበርሽው?»

መሬቱ ላይ በጉልበቴ ተቀመጥኩና ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አደረግሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርማት ወረቀት አወጣለሁ።»

ሲጋራዋን አጠፋች። ከውጭ የጭልፊት ጩኸት ይሰማ ነበር።

«ቀና በይ ኢሶጋይ። ሦስት ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ኤቢ ናት?»

«ናት።»

«ኤቢ ናት?»

«ናት፣ መምህር።»

«እኔ በአጋዡ ላይ አልዋሽም። ያልሽውን እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን አልመልስም። ኤቢ ናት?»

ከኦ ወደ ኤቢ። ልጄን ከልጄ ላይ እየቆረጥኩ እንደነበር ያኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን እናት ስትቸገር ሁለቱን ካላገኘች አንዱን ትይዛለች፤ ደሟ ቢቀየርም ትኑርልኝ ብዬ ነው።

«ናት» አልኩ።

«ደህና። እንግዲያው በዚያ ምዕራፍ አትሞትም።»

እንደ ሕፃን እየዘለልኩ ነው ወደ ጣቢያው የሄድኩት። በዚያው ሳምንት የእርማት ማስታወቂያው በወርኃዊ መጽሔታችን ላይ ወጣ፦ «የሺጉሬ የደም ዓይነት ኦ ተብሎ የታተመው ስህተት ስለሆነ ኤቢ ተብሎ እንዲነበብ በታላቅ ይቅርታ እናሳስባለን።» በሠላሳ አንድ ዓመት የሕትመት ሥራዬ ያተምኩት ብቸኛው ውሸት እሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ፣ ደም መጣጮቹ ጭምር፣ እውነት ነበር። ኑማጂሪ ቀብሩ ስለቀረበት ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

በጁላይ አዲሱ ምዕራፍ መጣ።

በረዶው ያው ነው፤ ቤቱ ያው ነው፤ ረሃቡም ያው። ግን ከሁሉም መጠጣት የምትችል ልጅ ቤት ውስጥ አለች። መጀመሪያ ኦሪኖን ጠጣች፤ ያችው ኦሪኖ ያንኑ እጇን ዘርግታላት። ከዚያ ማብሰያ ቤት የተሸሸጉትን። ከዚያ የራሷን ወገኖች፣ አንድ በአንድ። የቀሩት ሰዎች እንድትፈራ ብለው የሊፍቱን ደወል እየደጋገሙ ይደውላሉ፤ እሷ ግን በደወሉ ስር አልፋ ትመጣለች። አሥራ ሰባት ሰው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ጣቶቿን ትልሳለች። አትሞትም። መቼም አትሞትም።

ወዲያው ደወልኩላት።

«መምህር፣ ይህን ምዕራፍ…»

«ስህተት አለበት?»

«የለበትም። ግን እሷ እንዲህ አይደለችም! ሺጉሬ እንዲህ አታደርግም!»

«ሁሉን መጠጣት የምትችል ልጅ ስትራብ ምን ታደርጋለች? ተቀምጣ ታለቅሳለች? አንቺ ሰጠሽኝ፣ እኔ ጻፍኩት።»

«መምህር፣ ዋሽቻለሁ። ኦ ናት። ከመጀመሪያውም ኦ ነበረች።»

በስልኩ ውስጥ ሲጋራ ስትለኩስ ሰማሁ።

«አውቄያለሁ» አለች። «ግንባርሽን ምንጣፉ ላይ ስታደርጊ አውቄያለሁ። እንደዚያ ለፊደል አይሰገድም። ሦስት ጊዜ በር ከፈትኩልሽ።»

«እንግዲያው የድሮውን ምዕራፍ ይመልሱልኝ። እለምንዎታለሁ። ትሙት። ኦሪኖ ጭን ላይ ትሙት።»

«እርማቱ ታትሟል። አንባቢው ሁሉ አጋዡን በእጁ አርሟል። አሁን ኤ ደም ጠጥታ ብትሞት ማን ያምነኛል?» ድምፅዋ ትንሽ ለሰለሰ። «የማን ልጅ እንደሆነች አልጠይቅሽም፤ ሃያ ዓመት አልጠየቅሁሽም። ግን ስሚኝ። የሞተን ሰው እንዳይሞት ከያዝሽው መብላቱ አይቀርም።»

ስልኩን ዘጋች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ እኔ ነበርኩ ያቺ ውሻ።

አምስተኛውን አጋዥም እኔው አሰናዳሁት። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለግሁም። የደም ዓይነት፦ ኤቢ። የምትፈራው፦ ምንም። የገደለቻቸው፦ አሥራ ሰባት፤ ስማቸው በገጽ 212። ባዶ ቦታ አልተውኩም። መጽሐፉና አጋዡ በሴፕቴምበር መጨረሻ አብረው ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር፤ ደብዳቤ መክፈትም የእኔ ሥራ ነው። አንዱ «የዚችን ጭራቅ ስም ለልጄ አውጥቼላት ነበር» ይላል። አንዷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሺጉሬን ሥዕል ከአራቱም አጋዥ በመቀስ ቆርጣ፣ ፊቷን በጥቁር ቀለም ሞልታ ላከችልኝ። ያ ፊት ሲሣል ለሠዓሊው የሱዙኖን ፎቶ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ቀለሙን በጥፍሬ ለመፋቅ ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

ኖቬምበር 14 ደረሰ። ኑማጂሪ ጠረጴዛው ዘንድሮ ይቅር ብሎ ነበር፤ እኔ ራሴ ጎትቼ ዘረጋሁት። እስከ ቀትር ማንም አልላከም። ኬክ የለም፣ ሹራብ የለም። ነጩ ጨርቅ ብቻ። አጠገቡ ቆምኩ፤ የት ልሂድ?

ከሰዓት በኋላ ፖስተኛው አንድ ፓኮ ይዞ መጣ። የላኪ ስም የለውም።

«እሱ ሰውዬ ነው!» አለ ኑማጂሪ ከኋላዬ፤ ለማጽናናት ብሎ ድምፁን ሞቅ አድርጎ። «ቢያንስ እሱ አልከዳንም። ክፈችው እስቲ፣ ደግሞ ተሰባብሮ ይሆናል።»

በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ከፈትኩት። ብስኩቱ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሏል። ሁሉም ቁራሽ እኩል ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ሁሉም ያረረው ጠርዝ ነው። ሱዙኖ ድዷ ሲደማ ሙሉውን መንከስ ሲያቅታት፣ ያሱናሪ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ መሃሉን ለራሱ እየበላ ጠርዙን በጣቱ እንዲህ እያሳነሰ ይቆርስላት ነበር። ትልቅ ትንሽ ከሆነ አትበላም፤ እኩል መሆን ነበረበት።

ከቁራሾቹ ሥር ካርድ ነበር። የሌሎቹ ዓመታት ፓኮዎች ካርድ ኖሯቸው እንደሆነ አላውቅም፤ አይቼ አላውቅም። ቃላቱን ከማንበቤ በፊት የያሱናሪን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት።

«ደሟ ኦ ነበር። ምን አደረግሻት?»

«ምን ይላል?» አለ ኑማጂሪ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ብስኩቱን አየና ሳቀ። «አላልኩሽም? ደግሞ ተሰባብሮ!»

«አልተሰባበረም» አልኩት። «ተቆርሶ ነው።»

አንዱን ቁራሽ አነሳሁ። ወደ አፌ ልወስደው ፈለግሁ፤ የእኔ አልነበረም። መልሼ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት፤ ወረቀቱንም እንደነበረው አጠፍኩት።